አንድ ቅጂ ለተሳታፊዋ

ለጤና ጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ክቡር ሰብሳቢ

ግልባጭ፦ መጠይቅ ታቅፈው የሰው ደጅ ለሚያንኳኩ የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሥልጠናው መሠረት፣ ያለ አንዳች ስሕተት ስለተፈጸመ ጉዳት

ክቡር ሆይ፤

ከጤና ድርጅት መጣሁ የሚል ሰው ደጅዎን አንኳኩቶ፣ ሁለት ገጽ ወረቀት በአንድ ትንፋሽ አንብቦ፣ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ሲልዎት፣ ይህ ፊርማ የሚጠብቀው እኔን ነው ወይስ እሱን ብለው በሆድዎ ጠይቀው አያውቁም? እርስዎ እንኳ ላይጠይቁ ይችላሉ፤ የእርስዎን ደጅ የምናንኳኳው ለፊርማዎ እንጂ ለቁስልዎ አይደለምና። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ግን ሳይጠይቁ አይቀሩም። እኔ መልሱን የተማርኩት ፈራሚ ሆኜ ሳይሆን አስፈራሚ ሆኜ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። መንጋጋዎ ያለ ሕመም እንደሚያኝክ፣ የቀኝ እጅዎ ጣቶች ብዕር ጨብጠው እንደ ልብ እንደሚፈርሙ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቤትዎ ውስጥ የእግር ኮቴ ሲሰማ ትንፋሽዎ እንደማይቆረጥ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። ምኞቴን ለምን በዚህ ዝርዝር እንዳቀረብኩ ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

እኔ ከስምንት ወር በፊት በሕዝብ ጤና የተመረቅሁ፣ የምረቃ ካባዬን ለአከራዩ ሳልመልስ ሥራ ያገኘሁ ልጅ ነኝ። እናቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ ስነግራት «አንቺ ልጅ፣ የራስሽን ሳትይዢ የሰው ትዳር ልትቆጥሪ ነው?» ብላ ስቃብኝ ነበር። ሥራው ለእርስዎ የታወቀ ነው፤ ለሌላው አንባቢ ልንገር። ባሎቻቸው የሚደበድቧቸውን ሴቶች፣ ባል በሌለበት ሰዓት ለብቻቸው አግኝተን፣ መቼ፣ በምን፣ ስንት ጊዜ እንደተመቱ እንጠይቃለን። መልሱ ተሰብስቦ፣ አንዲት ሴት ዓይኗ አብጦ ጤና ጣቢያ መጥታ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ስትል፣ ባለሙያዎቹ ደረጃውን ከማመን አልፈው እሷን የሚረዱበትን መንገድ ያሳያል ተብሏል። ጥሩ ሥራ ነው። ዛሬም ጥሩ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባላምን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በመጻፍ ፋንታ የቢሮዎን መስታወት በድንጋይ አወርደው ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ድንጋዩን አልረሳውም።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን፣ ሁለቱን መለየት ስላቃተኝ አንድ ላይ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። አራት ቀን ሙሉ፣ አጥንት በሚያቀዘቅዝ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በየፊታችን ከረሜላና አዲስ ማስታወሻ ደብተር ተደርጎልን፣ የምርምር ሥነ ምግባር ተማርን። አሠልጣኛችን ሦስቱን ምሰሶዎች፣ ክብርን፣ በጎነትንና ፍትሕን፣ በሦስት ጣት እያስቆጠረ አስጠናን። በሩቅ አገር፣ በሩቅ ዘመን፣ መድኃኒት እያለ ተከልክለው ሲሞቱ በማስታወሻ ስለተመዘገቡ ሕሙማን ሲነግረን አልቅሻለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ መሐረብ ሰጥቶኛል። ግፍ ሁሉ በሌላ አገር፣ በሌሎች ሰዎች እጅ እንደተሠራ ስንረዳ ደግሞ ቀለል ብሎን ሻይ ወጣን።

ከመካከላችን ሠላሳ ዓመት ቁስል ስታጥብ የኖረች፣ ሁላችንም «ሲስተር» የምንላት ነርስ ነበረች። የስምምነት ቅጹ በሁለት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ ለተሳታፊዋ እንደሚሰጥ በተነገረን ጊዜ እጇን አውጥታ «ልጄ፣ ባልየው ማንበብ የሚችል እንደሆነስ?» አለችው። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናቆየዋለን» አለና ግድግዳው ላይ «የሚቆዩ ጥያቄዎች» ተብሎ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ላይ በአረንጓዴ ቀለም ጻፈው። አራተኛው ቀን አለቀ፣ ጥያቄው ቆየ። ሲስተር ሻይዋን እየቀዳች «ቁስልም ጥያቄም ሲቆይ ይመረቅዛል» ስትል ሰምቻት ስቄያለሁ። የሳቅሁትም ከልቤ ነው።

በመጨረሻው ፈተና ከሃያ አምስት ሃያ አራት አገኘሁ። ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት «የስምምነት ቅጹ ሁለተኛ ቅጂ ምን ይደረጋል?» የሚል ነበር፤ እኔም «ሐ. ያለ ምንም ልዩነት ለተሳታፊው ይሰጣል» የሚለውን አከበብኩ። ትክክል ነበርኩ። እናቴ የምስክር ወረቀቴን በመስታወት አሠርታ ከአባቴ ፎቶግራፍ ጎን ሰቅላዋለች።

2. ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። የጥናቱ መሪ መጀመሪያ ባቀረቡት ቅጽ ላይ ርዕሱ «የሴቶች ጤናና ኑሮ ጥናት» የሚል ነበር። ማታለያ አልነበረም፤ ወረቀቱ በማንም እጅ ቢወድቅ ማንንም እንዳያስነሣ ታስቦ ነው። ቦርድዎ ግን «ርዕሱ እውነቱን ይደብቃል፣ ለተሳታፊ ግልጽ ይሁን» ብሎ መለሰው። ስለዚህ በላዩ ላይ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ወፍራም ፊደል፣ «በባሎቻቸው የሚደበደቡ ሴቶች ጥናት» ተባለ፤ ከሥሩ የተሳታፊዋ ሙሉ ስም፣ ከስሟ ሥር ፊርማዋ፣ ከፊርማዋ ጎን ክቡ ማህተምዎ። እውነት እንዲህ ተብራርታ በሰው ቤት ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም።

3. አሁን ስለ ልብስ ሰፊዋ ልንገርዎት። በመዝገብዎ ቁጥር ናት፤ እኔ ልብስ ሰፊዋ እላታለሁ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የገባሁት። በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ክፍል ናት። ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ አለ፣ ከጎኑ የተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ ተቆልሏል፤ የሰባት ተማሪዎች ዩኒፎርም ነበር። ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ነው ጥያቄዬን የምትሰማው፤ ለመመለስ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ ታወጣለች። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ታገሠችኝ። «በምን በምን መቶሽ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችና «ትራስ ብለሽ ጻፊና፣ በሱ ብቻ ነው ያልመታኝ በዪ። ያጥርልሻል» አለችኝ። ተሳሳቅን። የወንድ እጅ ያረፈባት ሴት እንዲህ ትቀልዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁለቱን ቅጂ ከፈረመች በኋላ አንዱን ስሰጣት እጇን ሰበሰበች። «እህቴ፣ ይቺን አንቺው ያዢልኝ። እሱ ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ካየ ሳያነብ አያልፍም» አለችኝ። እኔ ደግሞ በሥልጠናው ሁለት ሁለት ሆነን በተለማመድነው ፈገግታ «መብትሽ እኮ ነው» አልኳት። እሷም «መብቴን የት ልደብቀው?» አለች። ቀልዱን የቀጠለች መስሎኝ ሳቅሁ። ወረቀቱን ስምንት ቦታ አጥፋ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ጥቅልሎቹ ሥር ከተተችው። እኔም በመጠይቄ ላይ «ቅጂ ተሰጥቷል» ከሚለው ፊት ምልክት አድርጌ ወጣሁ።

ዓርብ ባልየው ምሳ ሊበላ መጣ። የሬዲዮ ሶኬት ላልቶበት ነበርና ካቻቢቴ ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት የምትኖረው ታላቅ እህቷ የነገረችኝንና በሕክምና ካርዷ ላይ ያነበብኩትን ነው። ወረቀቱን ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ወረቀቱን እንደያዘ ወጣ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ፣ ተመልሶ መጣና በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ለዚያች አሥር ደቂቃ በኋላ እመለስባታለሁ።

ንብረት ክፍል የሚሠራ ሰው ነገር በተራ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቃት። የኔ ነው አለች። በካውያ መንጋጋዋን መታት፤ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ቀጥሎ የፈረመችበት እጅ የትኛው እንደሆነ ጠየቃት። አፏ መናገር ስላልቻለ እጇን ራሱ መረጠ፤ አልተሳሳተም። ቀኝ እጇን ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር አስገብቶ መዘውሩን በገዛ እጁ አዞረው። መርፌው ሦስት ጣት በስቶ አራተኛው ጣት አጥንት ላይ ተሰበረ። ታላቅ እህቷና ሁለት ጎረቤቶች በሩን በአግዳሚ ወንበር ሲሰብሩት ሰማያዊው ጨርቅ ቀልቶ ነበር። ባልየው እጁን እየታጠበ ነበር አሉ። ወረቀቱን ላይዋ ጥሎ ወጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ለዚህ ሁሉ እሱ ተጠያቂ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ወረቀቱን በእጇ ያስያዝኳት ግን እኔ ነኝ፣ በእጄ ያስያዙኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእኛ ቦርድ ግን ካለማስጣል አልፎ ለጅቡ አድራሻ ጽፎ ሰጥቷል።

4. ስለ መልስዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። በሳምንቱ ማክሰኞ ለክትትል ጥያቄ ስሄድ ታላቅ እህቷ ደጃፍ ላይ ቆማ «መጣሽ? ዛሬስ ምን ልታስፈርሚን ነው?» አለችኝ፤ ነገሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከእሷ ጋር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ፣ ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ ተጠቅልሎ ተኝታለች። ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች ብዬ ነበር። አላዞረችም፤ በግራ እጇ እስክሪብቶዬን ለመነችኝና በመጠይቄ ጀርባ፣ እንደ ጀማሪ ሕፃን በተጣመመ ፊደል፣ አንድ ቃል ጻፈች። «የሌሎቹስ?»

የሌሎቹስ፣ ክቡር ሰብሳቢ? በሁለት መቶ አሥራ አንድ ሌሎች ቤቶች ውስጥ፣ በትራስ ሥር፣ በዱቄት ጆንያ ሥር፣ በልጅ ደብተር መካከል ማህተምዎ ተቀምጧል።

ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። የጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ተሰጠኝ። «የጉዳቱ ምክንያት» በሚለው ሥር «መድኃኒት፣ መሣሪያ፣ የሕክምና ሂደት፣ ሌላ» የሚሉ ሳጥኖች አሉት። የኛን ወረቀት የሚያስገባ ሳጥን ስላጣሁ «ሌላ» የሚለውን መርጬ ከጎኑ «እኛ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስት ቀን ውስጥ መልስ መጣልኝ፦ «ጉዳቱ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ መረጃ ሰብሳቢዋ መመሪያውን በትክክል ተግብራለች»። በዚህ ሥራ ሕይወቴ የተመሰገንኩት በዚያ ደብዳቤ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋም መንጋጋዋ በመታሰሩ የክትትሉን ጥያቄ መመለስ ስላልቻለች «በራሷ ፈቃድ ከጥናቱ የወጣች» ተብላ ተመዘገበች። ክቡርነትዎ ይህን ሐረግ ሲያጸድቁ እጅዎ እንዳልተንቀጠቀጠ እገምታለሁ፤ የእርስዎ እጅ ጤነኛ ነውና።

ቢሮዎ ቀርቤ፣ በየቤቱ ዞሬ ቅጂዎቹን ልሰብስብ ብዬ ስለምንዎት፣ የተሳታፊን ቅጂ መቀበል የመብት ጥሰት እንደሆነ አስረዱኝ። ደግሜ ስለምንዎት ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት፤ የውኃ ብርጭቆዎ ተገልብጦ የሥነ ምግባር መመሪያውን አበሰበሰው። «ሁለት ሳምንት ዕረፍት ላይ ይቆዩ» ተባልኩ። በመውጫዬ፣ ከጸሐፊዋ ቁም ሣጥን ጀርባ ተጠቅልሎ የቆመ ትልቅ ወረቀት አየሁ። አረንጓዴው ቀለም ከውጭ ይታይ ነበር። ይዤው ወጣሁ። ስርቆት ከሆነ ይክሰሱኝ፤ ዳኛ ፊት ዘርግቼ የማነበው አላጣም።

5. ስለ ዕረፍቱም አመሰግናለሁ፤ ሥራ የሠራሁት ያን ጊዜ ነውና። ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንቺ ግን ወረቀትም ሞኝም አይደለሽም፣ ሂጂ» አለችኝ። ስለዚህ ክልከላዎን በሙሉ ልቤ ጥሼ፣ ራሴ ካስፈረምኳቸው ዘጠኝ ቤቶችን አንኳኳሁ። ሰባቱ ሴቶች ንግግሬን ሳልጨርስ ወረቀቱን አውጥተው በእጄ ላይ አኖሩት፤ አንዷ ከጫማዋ ውስጥ ነው ያወጣችው፣ ሲሄድ ሲመጣ እየረገጠችው ስድስት ሳምንት ኖራለች። ስምንተኛዋ «አንቺ ከበር ስትወጪ ነዋ እሳት ውስጥ የከተትኩት፣ ሞኝሽን ፈልጊ» ብላ ሳቀችብኝ፤ ይቺ ሴት ስለ ምርምር ሥነ ምግባር ከእርስዎ ቦርድ ይልቅ ታውቃለች፣ የምስክር ወረቀቴን ልሰጣት አስቤያለሁ። ዘጠነኛው ቤት በሩ ላይ ከውጭ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ጎረቤቷን ስጠይቃት ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ ወደ ቤቷ ገባች። እዚያ ደጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። በሚመጣው ሰኞ ሳምንት ሁለተኛው ዙር ይጀመራል፤ ሦስት መቶ ቤቶች፣ ሦስት መቶ ቅጂዎች። በዚያው ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ እኔን የመሰሉ አሥራ ስምንት አዲስ ምሩቃን በዚህ ሳምንት ጣታቸውን እየቆጠሩ ነው፤ ቁጥር አሥራ አራትን ሁሉም ያገኙታል። ቅጂው ቢሮ ይቀመጥ፤ ያስቀምጡልኝ ያለች ሴት ቃሏ እንደ ፊርማዋ ይቆጠር። ርዕሱ ወደ ድሮው ይመለስ። ተበትነው የቀሩት ሁለት መቶ ያህል ወረቀቶች በእኛው እግር፣ ባል በሌለበት ሰዓት፣ ይሰብሰቡ። የሥልጠናውን የመጀመሪያ ሰዓት ደግሞ ለሲስተር ይስጧት፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ፣ ያ ጥያቄ ሳይመለስ ማንም ሻይ አይውጣ። ምርምር ይቅር አላልኩም። እንዲያውም ልብስ ሰፊዋ የመለሰችልኝ ስድሳ መልስ እንዳይጣል እለምናለሁ፤ ዋጋ ከፍላበታለች።

እናንተም መጠይቅ ታቅፋችሁ የምትዞሩ ጓደኞቼ፣ ስንት ወረቀት በስንት ቤት እንደተዋችሁ ጻፉልኝ። ደጁን ታስታውሱታላችሁ፤ እኔ ዘጠኙን በእግሬ አስታውሼ ሄጃለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አብረን እንሂድ። ክቡር ሰብሳቢም መልስዎን ይህ ደብዳቤ በወጣበት ቦታ፣ በወፍራም ፊደል ይስጡን፤ ግልጽነት እንደሚወዱ ምስክር ነኝ።

ጤናዎ ሙሉ፣ ጣቶችዎ አሥር፣ ቤትዎ የማይቀረቀር እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሥልጠናዎ ከሃያ አምስት ሃያ አራት ያገኘሁት፣ መመሪያዎን በትክክል የተገበርኩት፣ ለዚህም ራሴን ይቅር ያላልኩት፣

ታዛዥዎ የነበርኩ መረጃ ሰብሳቢ

አባሪ፦ አረንጓዴ ጽሑፍ ያለበት አንድ ትልቅ ወረቀት። ተመልሶ ይለጠፍ።

ማስታወሻ፦ ያቺን አሥር ደቂቃ አልረሳኋትም። በቅጹ ግርጌ «ጥያቄ ካለዎት ወይም ጉዳት ከደረሰብዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። ታላቅ እህቷ ወረቀቱን ከወለል አንሥታ፣ ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር፣ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች፤ ያነሣ የለም። የቢሮዎን ስልክ የምታነሣው ልጅ ግን፣ በዚያው ዓርብ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ አንድ ጥሪ መቀበሏን እያለቀሰች ነግራኛለች። ጨዋ አነጋገር ያለው ሰውዬ፣ ማህተሙ የእናንተ መሆኑንና ስሟ የተጠቀሰው ሴት በእርግጥ ቃሏን መስጠቷን ጠየቃት። እሷም ለጠያቂ ሁሉ በትሕትና የተሟላ ማብራሪያ ይሰጣል ተብላ ሠልጥናለችና፣ መዝገብ አይታ «አዎ ጌታዬ፣ ማክሰኞ ተሳትፈዋል» አለችው፤ ስለ ቤተሰቡ ትብብርም አመሰገነችው። ስለዚህ ስልኩ ይሠራል። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በዚያው ቁጥር እደውላለሁ፤ እኔም እንደ ባልየው በጨዋ አነጋገር ስለምጠይቅ፣ እንደሚያነሡልኝ አምናለሁ።